ማስቲካ የሚሰጡኝ ሰዎች

ሰው ማስቲካ ሲሰጣችሁ ምን ታስባላችሁ? እኔ እንደምወደድ ነበር የማስበው።

እውነቴን ነው። ዲላ ውስጥ እንደኔ ማስቲካ የተሰጠው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጠዋት ክላስ ስገባ ሐያት ከቦርሳዋ ታወጣና "እንቺ" ትለኛለች። ሐያት የልብ ጓደኛዬ ናት። አባቷ መናኸሪያው አካባቢ ሱቅ አላቸው። ሱቁ ስሄድ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው "ይቺን ያዢ፣ የኔ ልጅ" ብለው ይመርቁልኛል። ለሌላው ሰው ሳንቲም ሲጠፋ በመልስ ፈንታ የሚሰጡትን ማስቲካ ለኔ በነጻ! አንዴ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴትዮ እንኳን ቦርሳዋን ፈትሻ ሚንት ከረሜላ ሰጥታኛለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ነፋስ ስትቀበል ሄደች። እኔ ምን አልኩ? "የዲላ ሰው እንዴት ደግ ነው!"

ደግ ነው እሺ። አሁን ያን ሳስበው ግን ትራስ ፊቴ ላይ አድርጌ መጮህ ነው የሚያምረኝ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሊዲያ እባላለሁ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ ልብ አለብኝ። "ልብ የሌለው ማን አለ?" እንዳትሉኝ፤ ይቺን ቀልድ እኔ ራሴ ተናግሬ ጨርሻታለሁ። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ያመኛል፣ ይተወኛል፣ ደግሞ ያመኛል። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በኋላ ጉልበቴ አበጠ፣ ትኩሳት መጣ፣ ሆስፒታል ሄድን። የጉሮሮው ጣጣ ልቤ ድረስ ወርዶ በሩን እንደጎዳው ነገሩን። አዎ፣ ልብ በር አለው። ደም ሲያልፍ ይከፈታል፣ አልፎ ሲያበቃ ይዘጋል። የኔው ግን እንደ ትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት በር ነው፤ በደንብ አይገጥምም። ስለዚህ በየወሩ መርፌ እወጋለሁ። የተወጋሁ ቀን እንደ ዳክዬ ስሄድ ብታዩኝ ትስቃላችሁ።

ግን መርፌው ምንም አይደል። ጣጣው ግቢያችን ነው። እማዬ የዚያን ጊዜ ከሆስፒታል እንደተመለስን ጎረቤቱን ሰብስባ ሕግ አወጣች። ሊዲያ እንዳትደነግጥ! ክፉ ወሬ እንዳይነገራት፣ እንዳትቆጧት፣ እንዳታናድዷት። ድንጋጤ ለልብ አይሆንም አለች። ሰዉም ጠበቀላት። አስርቱ ትእዛዛት እንዲህ ቢጠበቁ ኖሮ ሁላችንም መላእክት ነበርን።

ውሻችን ቦቢን መኪና ገጨው። ለኔ ምን ተባለ? ቡሌ ሄደ። ቡሌ ምን ሊሠራ? የዲላ ሙቀት ከብዶት፣ የደጋ አየር ይስማማዋል ተብሎ! ይህን የነገረኝ አባዬ ነው፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። አመንኩት። ከዚያ በኋላ ከቡሌ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር "ቦቢን አይታችሁታል?" እላለሁ። እነሱም ግቢያችን ሲገቡ ሕጉ ተነግሯቸዋላ፣ "አይተነዋል፣ ወፍሯል" ይላሉ። አንዱማ ሰላም ብሎሻል አለኝ።

እኔም ሞኝ አይደለሁም፤ በሕጉ ኖርኩበት። ሒሳብ ብወድቅ ማን ይቆጣኛል? እትዬ ሙሉ የሚባሉ ጎረቤታችን አሉ። ስኳር ዕቃቸው ውስጥ ጨው ብጨምርባቸው ሻያቸውን አንዴ ፉት ብለው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ "ይሁን፣ ልጅ አይደለች" አሉ። የአባዬን አንድ እግር ጫማ ቆጥ ላይ ሰቅዬ ቢሮ በሸበጥ ሊሄድ ሲል "ተጫወቺ እናቴ፣ ተጫወቺ" አለኝ። ይሄ ሁሉ ነጻነት ለማን ይሰጣል?

ትልቁ ሙያዬ ግን መውደቅ ነበር። ሲጨንቀኝ ተዝለፍልፌ እወድቃለሁ። ዕቃ እጠቢ ስባል፣ ወደቅኩ። ፈተና ሲመጣ፣ ወደቅኩ። የማስመሰል ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ ልብ አለባታ!

አሁን ወደ ጥርሴ ልምጣ። "ልቧ ነው፣ አትከልክሏት" እየተባለ ያልበላሁት ጣፋጭ፣ ያልላጥኩት ሸንኮራ የለም። አንዱ የኋላ መንጋጋዬ ተቦረቦረ። ድዴ ደግሞ ብሩሽ ሲነካው መድማት ጀመረ። እማዬ አንድ ቀን መታጠቢያው ላይ ደሙን አይታ ጮኸች። "ልብ ያለባት ልጅ በየጠዋቱ ደም ታፍስ እንዴ!" ብላ ብሩሼን ወረሰችው። መፋቂያም ከለከለች፣ እሱማ የባሰ ይወጋል ብላ። በውሃ ተጉመጥመጪ፣ በቃ። እኔ ደግሞ ጠዋት ብርድ ላይ ቆሞ ከመፋቅ የገላገለኝን ሕግ ለምን እቃወማለሁ? አባዬ ብቻ "ድድ እኮ ይደማል፣ የኔስ ይደማ የለ?" አለና አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። አባዬ ሁልጊዜ አፉን ሸፍኖ ነው የሚስቀው። ጨዋ ስለሆነ ነው እንላለን።

እንግዲህ ያ የጉድ ቀን መጣ።

ኬሚስትሪ ነው። ቲቸር በየተራ እያስነሳ በቃል የሚጠይቅበት ቀን። ያጠናሁት የለም። ተራዬ ሲደርስ ደረቴን ያዝኩ፣ "እእ..." አልኩ፣ ሐያት ላይ ደገፍ ብዬ ቀስ እያልኩ ወለሉ ላይ ተንሸራተትኩ። ጥሩ አወዳደቅ ነበር፤ ቀሚሴ እንኳን አልተገለበም።

ክፍሉ ተተራመሰ። ቲቸር መኪና ሊያስጠራ ወደ ቢሮ ሮጠ። አንዱ "ውሃ!" ይላል፣ ሌላው "ክብሪት አሽትቷት!" ይላል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በሆዴ እስቃለሁ። ከዚያ አንዷ "ማርቆስን ጥሩት!" አለች።

ማርቆስ የቡሌ ልጅ ነው፤ ዲላ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። የመጀመሪያ እርዳታ ክበብ ሊቀመንበር ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እ... እንግዲህ ቆንጆ ነው፣ ምን ልበላችሁ። ክበቡ ደግሞ ትንፋሹ ለቆመ ሰው በአፍ አየር መስጠት አስተምሯቸዋል። ይሄ ትዝ ሲለኝ ያቺ ታማሚ ልቤ የእውነት መደለቅ ጀመረች።

ተንበረከከ። ጣቶቹ አገጬን ቀና አደረጉት። ጎንበስ አለ። አፌ ከፈት አለ...

"ኧኽ!" አለና ወደ ኋላ ሸሸ።

"ምነው?" አለች ሐያት።

"እኔ አልችልም፣ አንቺ አድርጊ።"

"ምኑን?"

"አየሩን! አፉ... ኧረ አፉ ይሸታል!"

ማርቆስ አማርኛው ላይ ሴትና ወንድ ይቀያየርበታል። ለአንድ አፍታ ስለ ሌላ ሰው ነው ብዬ ተጽናናሁ። ግን ወለሉ ላይ የተጋደመ ሌላ ሰው አልነበረም።

"ዝም በል!" አለች ሐያት። "ልብ አለባት እኮ!"

"ራሱን ስቷል፣ አይሰማም።"

"ቢሆንስ!"

ከዚያ ግድቡ ተደረመሰ። አይሰማም ከተባለ ማን ይቻላቸው! ከኋላ አንዱ "እኔ ወንበር የቀየርኩት ለምን መሰላችሁ?" አለ። አንዷ "ስንቴ ልነግራት ብዬ፣ ልቧ ቢቆምስ ብዬ ተውኩት" አለች። "ሐያት ማስቲካ ትሰጣት የለ እንዴ?" "ማስቲካው ባይኖርማ ዛሬ የምንወድቀው እኛ ነበርን።" ሳቁ። ጮክ ብለው ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፤ አፍነው ነው የሳቁት፣ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው።

ከዚያ ማን አየር ይስጣት በሚለው ተከራከሩ። አንተ ስጣት፣ አንቺ ስጫት። እጣ እንጣጣል ያለም ነበር። እኔ መሬት ላይ ነኝ። ብነቃ መስማቴ ሊታወቅ ነው፤ ባልነቃ ሁሉንም ልሰማ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አፍ ሲሸትስ? እሱን ከባለቤቱ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

በመጨረሻ ማርቆስ ተስፋ ቆረጠ። በሽፋሽፍቴ ስር አየሁት። መሃረቡን አጥፎ አጥፎ አፌ ላይ ደለደለ። እንደ ኮሶ ጠጪ ፊቱን ጭምድድ አድርጎ ሲመጣብኝ፣

"ነቃሁ!" አልኩ።

ራሱን የሳተ ሰው "ነቃሁ" ብሎ ሲያስታውቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ክፍሉ አጨበጨበ። ሐያት አቅፋ አስነሳችኝና ምን ሰጠችኝ? ማስቲካ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ አፋጠጥኳት። ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዙሬ ነው የማወራት፣ እንዳልሸታት። "እንዴት አትነግሪኝም? ጓደኛዬ አይደለሽም?" አልቅሳ ልትሞት ደረሰች። "እናትሽ አስምላኛለች እኮ፣ ሊዱ። ብነግርሽና ልብሽ ቀጥ ቢልስ? በኔ ነዋ የምትሞቺው!"

ሼም ስንት ዓይነት እንዳለው ታውቃላችሁ? አንዱ ሰው ፊት ቀይ የሚያደርግ ነው፣ እሱ ያልፋል። ሌላው ግን ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። እትዬ ሙሉ ጉንጬን ሲስሙኝ ለምን አየሩን ብቻ እንደሚስሙ ገባኝ። ባጃጅ ውስጥ ያቺ ሴትዮ ገባችኝ። የሐያት አባት ገቡኝ። ባስታወስኩ ቁጥር አንድ ደግ ሰው እየቀነሰብኝ ሄደ። ሰንብቼም ሳወራ አፌን በእጄ መሸፈን ጀመርኩ። እትዬ ሙሉ አይተው "እንዴት ጨዋ ሆነች እናንተ፣ አባቷን ወጣች" አሉ።

ቆርጬ ተነሳሁ። ያን የበሰበሰ መንጋጋ በድብቅ አስነቅለዋለሁ። ለእማዬ ከነገርኩ ደም ይፈሳል ብላ ትከለክለኛለች። ሐያትን ይዤ ፎቅ ላይ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ጓንቷን እያጠለቀች ጠየቀችኝ።

"ሌላ ሕመም አለብሽ? ስኳር፣ አስም፣ ልብ?"

"የለብኝም።"

ውሸት ለኔ ምን ያቅተኛል? ሐያት በሩ ጋ ቆማለች፤ ጠቀስኳት። ዶክተሯ ማደንዘዣውን ሞልታ ወደ አፌ መጣች። መርፌው ድዴን ሊነካ ሲል፣

"ልብ አለባት!" ብላ ሐያት ጮኸች። "ወላሂ ልብ አለባት! በየወሩ መርፌ ትወጋለች!"

የዶክተሯ እጅ አየር ላይ ቆመ። መርፌውን አስቀመጠች። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው የባሰ የፈራሁት።

አፍ ጀርም አያጣም አለችኝ። ድድ ሲታመምና ሲደማ ለጀርሙ መንገድ ይከፈትለታል። ጥርስ ሲነቀልማ የባሰ። በደም ይጓዛል። ጤነኛ ልብ ላይ ብዙውን ጊዜ አልፎ ይሄዳል። የተጎዳ በር ላይ ግን ሻካራ ቦታ ያገኝና ይቀመጣል፣ ጎጆ ይሠራል፣ በሩን ይበላል። ይገድላል። ስለዚህ ያንቺ ዓይነቱ ሰው መጀመሪያ መድኃኒት ይውጣል፣ ከዚያ ነው የሚነቀለው። "ለምንድን ነው ግን የማትቦርሺው?" አለችኝ። ስለሚደማ እናቴ ከለከለችኝ አልኳት። "ለምን?" "ለልቤ ብላ።" ዶክተሯ ግንባሯን ያዘች። ድዱ የሚደማው ስለማይጸዳ ነው እንጂ ስለሚጸዳ አይደለም አለች።

እስቲ አስቡት። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤ ልብ እያዘነ ይስቃላ። ምን ባዳ ነው? ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ነው! እሱ ቤት የተነሳ እሳት እኔ ልብ ድረስ ይመጣል። ለልቤ ተብሎ ብሩሽ ተወሰደብኝ፣ ለልቤ ተብሎ ከረሜላ በላሁ፣ ለልቤ ተብሎ መሽተቴ ተደበቀብኝ። አገር ሁሉ ተባብሮ፣ በፍቅር፣ ልቤን ሊገድላት ነበር።

ከዚያ ዶክተሯ ሰሞኑን ትኩሳት አለሽ ወይ ብላ ጠየቀች። ሐያትን አየኋት። አለኝ። ማታ ማታ ያተኩሰኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ደረጃ ስወጣ ይደክመኛል። ለማንም አልተናገርኩም። የማስመሰል አወዳደቅ የሚያውቅ ሰው የእውነቱን ለመናገር ያፍራል መሰለኝ። ዶክተሯ ፊቷ ተለወጠ። ዛሬውኑ ሆስፒታል አለች። እዚያ ሐያት ለእማዬ ደወለችላት፣ ደሜ ተቀዳ፣ ልቤን አዳመጡ፣ አስተኙኝ። የደሙ ምርመራ ቀናት ይፈጃል ተባለ።

መጠበቅ ምን እንደሆነ እዚያ አልጋ ላይ ነው ያወቅኩት። መጠበቁ ብቻ ግን አልነበረም ያስጨነቀኝ። እማዬ ትስቃለች። አባዬ አፉን ሸፍኖ ይስቃል። እትዬ ሙሉ አጃ ይዘው መጥተው "ምንም የለብሽም፣ ነገ ትወጫለሽ" ይላሉ። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጀርሙ ልቤ ላይ ጎጆ ቢሠራስ? ይሄኔም እኮ እንዲሁ ነው የሚስቁት! ደህና ነሽ ነው የሚሉኝ! ልቤ እየሞተች እንደ ቦቢ "ወፍራለች" ሊሉኝ ነው!

በመጨረሻ እማዬ ከሐኪሙ ጋር ኮሪደር ላይ አውርታ ገባች። እየሳቀች ነው። "ውጤቱ መጣ" አለች።

"እማዬ፣ ቆይ" አልኳት። "ቦቢ የት ነው?"

"ምን?"

"ውሻችን። ቦቢ የት ነው ያለው?"

"ቡሌ..." ብላ ጀመረች። አየችኝ። ዓይኔን አልነቀልኩም። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ላይ ወረደ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ሻርፗን ፊቷ ላይ አደረገች።

"ሞቷል። መኪና ገጭቶት። አባትሽ ነው የቀበረው፣ ከአቮካዶው ዛፍ ስር።"

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ልቤ አልቆመችም። ሁለታችንም አፍንጫችንን ተናፍጠን ስንጨርስ፣

"እሺ፣ ውጤቴስ?" አልኳት።

"ንጹህ ነው። ደምሽ ውስጥ ምንም አልተገኘም። ትኩሳቱ ከጥርሱ መግል ነው፣ መግሉ ግን ልብሽ አልደረሰም አሉ።"

አመንኳት። ከታመምኩ ጀምሮ መጀመሪያ ያመንኳት ያን ቀን ነው።

መድኃኒቱን ውጬ ጥርሱ ተነቀለ። ብሩሼ ተመለሰልኝ። ድዴ መጀመሪያ ሰሞን ደማ፣ እማዬ እያየች ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ መድማቱን ተወ። የግቢያችንም ሕግ ተሻረ። እሱ ሲሻር ግን ሁሉም እንዲህ ይመጡብኛል አላልኩም! እትዬ ሙሉ ስለ ጨው ሻያቸው ያጠራቀሙትን ስድብ በአንድ ጠዋት አወረዱብኝ። ኬሚስትሪ ቲቸር ዜሮዬን ጮክ ብሎ አነበበው። ሐያት ደግሞ ድምፅሽ ለመዝሙር አይሆንም አለችኝ፤ ይሄኛውን እንኳን ብትደብቀኝ ምን ነበረበት? ማርቆስ አንድ ቀን በር ላይ አቁሞኝ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "አሁን ጥሩ ነው። አሁን ብትወድቅ ችግር የለም" አለኝ። የሰማሁት ትልቁ የፍቅር ቃል ነው፤ አትሳቁ።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ዶክተሯ ስትሸኘኝ፣ ለቤተሰብሽም ንገሪ ብላኝ ነበር። አንዱ ሌላውን ያመጣዋል ብሎ መማል ባይቻልም የድድ ሕመምና የልብ ሕመም አብረው ሲገኙ ይታያል፣ በተለይ በዕድሜ የገፋና ግፊት ያለበት ሰው ድዱ ከደማ ይታይ አለች። እኔም ቃል ገባሁ። እንዴት አልነግራቸውም? ማስቲካ የሚሰጡኝ ሰዎች ምን እንዳደረጉኝ የማውቅ ልጅ!

ትናንት አባዬ ከቢሮ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ደስ ብሎታል፣ ድኛለሁ። ትምህርት ቤት ስለተፈጠረ ነገር ሳወራለት ሳቁ አመለጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ሳይሸፍን፣ ከት ብሎ፣ ፊቴ ላይ ሳቀ።

እናቴ ድረሺ!

ንግግሬ ተዘጋጅቷል። ጀርሙን፣ ድዱን፣ በሩን፣ ጎጆውን፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። "አባዬ" አልኩት። "ወይ እናቴ" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። አየሁት። ግፊት አለበት እኮ። ብነግረውና ቢደነግጥስ?

እጄ ኪሴ ገባ።

"ማስቲካ ትፈልጋለህ?"

ተቀበለኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "አንቺ ልጅ፣ እንዴት ትወጂኛለሽ ግን!" አለኝ።

አንድ ጨመርኩለት።